ማሳው ለምልሞ ጓዳው ሲጎድል፦ የዕለት ምስጋና በወላይታ

አረንጓዴ ረሃብ የሚባለው ነገር ወላይታን ለማያውቅ ሰው እንቆቅልሽ ነው። የበልጉ ዝናብ ይዘገያል ወይም ጭራሽ ይቀራል፤ የስኳር ድንቹ ተከላ ይስተጓጎላል፤ በቆሎው ጊዜው ካለፈ በኋላ ይዘራል። ዝናቡ ሲመጣ ግን ምድሩ በጥቂት ሳምንት ይለመልማል፤ ከሶዶ ወደ ቦዲቲ ወይም ወደ አረካ የሚጓዝ እንግዳ በመኪናው መስኮት ሲያይ የጥጋብ አገር የደረሰ ይመስለዋል። ከእንሰቱ ጀርባ ባለው ቤት ውስጥ ግን እናት ለልጆቿ የምታቀምሰው የላትም፤ በማሳው ላይ ያለው ገና አልደረሰም፣ ያለፈው ዓመት እህል ደግሞ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2008 የሆነው ይኸው ነበር። በዚሁ ምድር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ መሠረት፣ ከ100 ሰው ከ70 የሚበልጠው ፕሮቴስታንት ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ኦርቶዶክስ ሲሆን ካቶሊኮችም አሉ። በሌላ አነጋገር ሁሉም ማለት ይቻላል ጠዋት ሲነሳ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሕዝብ ነው። በአገሪቱ ገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ዞኖች አንዱ በሆነው፣ ብዙው ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት በሚተዳደርበት በዚህ ስፍራ፣ የዕለት ምስጋና ምን ማለት ነው? የእምነት እውነት ነው፣ የአፍ ልማድ ነው ወይስ ችግርን የሚያስረሳ ማደንዘዣ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ የሚሰጡት መልሶች ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ናቸው። ሰባኪው «በሁሉ አመስግኑ» ብሎ ያልፋል፤ የተማረው ወጣት ደግሞ «ድሃ እንዳይጮህ የተሰጠ ትምህርት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ምስጋናን እንደ ስሜት ስለሚያዩት የሚገናኙ ይመስለኛል። አንዱ ስሜቱን ያዝዛል፣ ሌላው ስሜቱን ይጠረጥራል። የክርስትናው ትምህርትም የወላይታ ታሪክም የሚያሳዩት ግን ሌላ ነገር ነው። ምስጋና በመጀመሪያ ምን ከማን እንደተቀበልን በትክክል ማወቅ፣ ያንንም በየዕለቱ መናገር ነው። ስለዚህ ያልተሰጠውን ተሰጠ አይልም፤ ሰው የከለከለውን እግዚአብሔር ከለከለ አይልም፤ ሰው ሊከፍለው የሚገባውን ዕዳ እንደ ችሮታ አይቀበልም። በዚህ መንገድ የተረዳነው ምስጋና ድሃውን ዝም የሚያሰኝ ሳይሆን አንገቱን ቀና የሚያደርግ ነው።

የመጽሐፍ ቅዱሱ መሠረት ሰፊ ቢሆንም ሁለት ቦታ ላይ ብቻ መቆም ይበቃል። አንዱ በዘዳግም 26 ያለው የበኵራት ሥርዓት ነው። ገበሬው ከምድሩ ፍሬ በቅርጫት ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን ዝም ብሎ አያስቀምጥም። አባቱ ተቅበዝባዥ እንደነበረ፣ በግብፅ እንዴት እንደተጨቆነ፣ እንዴት እንደጮኸና እንደተሰማ ቆሞ ይናገራል። ምስጋናው የመከራውን ታሪክ አይዘልም። ከዚያም በመብሉ ሌዋዊውና መጻተኛው አብረው ደስ ሊላቸው ይገባል፤ መሬት የሌላቸው ሁለቱ ካልበሉ ሥርዓቱ አልተፈጸመም ማለት ነው። ሌላው የጌታ ጸሎት ነው፤ እንጀራ የሚለመነው ለዕለቱ ነው። በየቀኑ የሚለመን ነገር በየቀኑ ይመሰገንበታል። በሲን ምድረ በዳ መና ያከማቹት ሰዎች በማግስቱ ተልቶ አገኙት፤ ምስጋናም የትናንቱ ለዛሬ አይበቃም የሚለው ሐሳብ ከዚህ የመጣ ነው። ዳንኤል በቀን 3 ጊዜ ተንበርክኮ ያመሰግን የነበረው እንዲያ ማድረግ በአዋጅ ሞት በሚያስፈርድበት ጊዜ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም።

ወደ ወላይታ ስንመጣ ታሪኩ የሚጀምረው ሚስዮናውያን ከመድረሳቸው በፊት ነው። የካዎ (ንጉሥ) ጦና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1894 በምኒልክ ጦር ከወደቀ በኋላ ገበሬው በገባርነት ሥርዓት ሥር ወደቀ፤ ከእርሻው፣ ከቀፎው፣ ከጉልበቱ ለባለመሬቱና ለሹሙ ይገብር ነበር። ይህ ሥርዓት ሕጋዊ መሠረቱ ፈጽሞ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጋሞ ደጋ የተነሳው ኢሳ ላሌ በአካባቢው እየዞረ ሕዝቡ ጠንቋይንና መናፍስትን ትቶ ፈጣሪን ብቻ፣ ወላይታው ጦሳ የሚለውን፣ እንዲለምን ይሰብክ ነበር። እንዲያደርጉ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ የቤቱ አባወራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ወደ ሰማይ እየረጨ እንዲጸልይ ነው። በዚህ ድርጊት ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ማር ያኔ ለሹም የሚገበር ነገር ነው። ያንን የቤት ጌታ በእጁ ይዞ፣ የማንንም ደጅ ሳይጠና፣ ወደ ሰማይ ሲያነሣ የሚናገረው ብዙ ነው፦ የማሩ ባለቤት ሹሙ አይደለም፣ መንፈሱም አይደለም፣ የሚመሰገነው ሌላ ነው። ኢሳ ላሌ ይህን በዚህ ቃል እንዳላስቀመጠው ግልጽ ነው፤ ትርጓሜው የእኔ ነው። ይሁን እንጂ ባለሥልጣናቱ በዝምታ አላለፉትም፤ ተይዞ ታሰረ። ሰው ፈጣሪውን ብቻ ማመስገን ሲጀምር ለሌሎች የሚያጎነብሰው ልክ እንደሚቀንስ ከገበሬው ቀድሞ የገባቸው እነሱ ይመስሉኛል።

የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ሶዶ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች የተጠመቁት በ1933 መጨረሻ ሲሆን፣ ጣሊያን አገሪቱን ይዞ ሚስዮናውያኑን በ1937 ሲያስወጣ ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ አማኞችን ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነው። ይህን ቁጥር በየስብከቱ የሚሰማ አንባቢ ሊሰለቸው ይችላል፤ ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ ሳይሆን በመካከል የሆነው ነው። የጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ መሪዎች ታሰሩ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ በሶዶ በአደባባይ ተገረፈ። በዚያ ዘመን እስረኛን የሚመግበው ቤተሰቡ ነበርና አማኞቹ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ይዘው ይመላለሱ ጀመር፤ የሚያመጡትም ከእነሱ አልፎ ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች ሁሉ ይተርፍ ነበር። ሚስዮናዊው ሬይመንድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ከዕድገቱ ምክንያቶች አንዱ አድርገው ይጠቅሱታል፤ ሰው «እንዲህ የሚዋደዱ እነማን ናቸው?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። በእርግጥ ለዕድገቱ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የኢሳ ላሌ ስብከት መሬቱን አለስልሶት ነበር፤ የገባርነቱ ሥርዓት በወረራው መናጋቱ ለሕዝቡ አዲስ አየር ሰጥቶታል፤ አስተማሪ ሲሄድ ተማሪው ራሱ አስተማሪ መሆን ነበረበት። ሁሉንም ለምስጋና መስጠት ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን እስር ቤት ደጃፍ ላይ የታየው ምስጋና የዘዳግሙ ዓይነት ነው፤ እንጀራው ከእግዚአብሔር ነው ካልን ጠያቂ የሌለው እስረኛም ድርሻ አለው። እነዚያው አማኞች የሚበሉት ሳይተርፋቸው በሚቀጥሉት ዓመታት ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ የላኩትም በዚሁ ስሌት ነው።

በአገሪቱ ቀድሞ የቆየው የኦርቶዶክስ ትውፊትም ከዚህ የሚርቅ አይምሰለን። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ቅዳሴ ሲያስቀድስ ከሚሰማቸው ቀዳሚ ጸሎቶች አንዱ የቅዱስ ባስልዮስ የምስጋና ጸሎት ነው፤ የቅዳሴው ማዕከላዊ ጸሎትም አኮቴተ ቍርባን፣ ማለትም የቍርባን ምስጋና ይባላል። ይህ ማለት ምእመኑ የሚያመሰግነው ዛሬ ደስ ስላለው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን በእርሱ ፈንታ ቃሉን ይዛ ስለምትጠብቀው ነው። ያዘነም የተደሰተም አንድ ዓይነት ቃል ይላል። በወንጌላውያኑ አጥቢያዎች ደግሞ ምስጋናው የሚቆመው በምስክርነት ነው፤ ከበሽታ የዳነው፣ ልጁ የተመረቀለት፣ ከመኪና አደጋ የተረፈው ተነሥቶ ይናገራል፣ ጉባኤው እልል ይላል። ሁለቱም ጥቅም አላቸው፤ እኔ ግን የመጀመሪያው የሚያውቀውን አንድ ነገር ሁለተኛው እየረሳው የመጣ ይመስለኛል። ምስክርነት የሚሰጠው የሆነለት ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያልሆነለት ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚያመሰግንበት ቃል አያገኝም። ያልዳነችው እናት፣ ያላገባችው እህት፣ ሥራ ያጣው ምሩቅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሌላው ሲመሰክር ያጨበጭባሉ። ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ብንጨምር፣ እ.ኤ.አ. በ1563 የወጣው የሃይደልበርግ የሃይማኖት መጠይቅ መላ ትምህርቱን በመከራ፣ በመዳንና በምስጋና ከፍሎ 10ቱን ትእዛዛት ያስቀመጠው በምስጋናው ክፍል ሥር ነው። አትስረቅ የሚለው ምስጋና ነው እንደ ማለት ነው። ስለ ምስጋና በምንዘምረው ልክ ስለዚህ ብንሰብክ መልካም ነበር።

ዘመናዊው የሥነ ልቡና ጥናትም በዚህ ጉዳይ የሚለው አለው፤ ሰባኪዎቻችንም መጥቀስ ጀምረዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ግማሹን ነው የሚጠቅሱት። ሮበርት ኢመንስና ማይክል ማካሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች የጻፉ ሰዎች የሚያማርሩባቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ከ2 ዓመት በኋላ ግን ሶንያ ሊዩቦሚርስኪና ባልደረቦቿ በሳምንት አንድ ጊዜ የጻፉት ሲሻላቸው በሳምንት 3 ጊዜ የጻፉት ያን ያህል ለውጥ እንዳላሳዩ ዘገቡ። በየቀኑ አመስግኑ ለሚል ሰው ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው፤ ድግግሞሹ ራሱ ጣዕሙን ያጠፋዋል ማለት ነው። ከእኛም ዘንድ ማስረጃ ሞልቷል፤ «ተመስገን» የሚለው ምላሽ ከአፍ ሲወጣ ከልብ ያልፍ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መልሱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ ጥናቶቹ የሚለኩት የሰውየውን ስሜት ነው፤ ክርስቲያኑ ግን የሚያመሰግነው ደስ እንዲለው አይደለም። ሚስት ባሏን በየማታው «ደህና እደር» ስትለው በየማታው ልቧ አይዘልም፤ አንድ ማታ ብትተወው ግን አንድ ነገር እንደተበላሸ ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ተቃውሞውን በከፊል መቀበል ነው። ዝርዝር ማብዛት ያሰለቻል። ሳይለወጥ የሚደጋገም ምስጋና የሚደርቀው ሰውየው ዛሬ ምን እንደተቀበለ ስላላየ ነው፤ ስለዚህ ዕለቱ ያመጣውን አንዱን ነገር በስሙ መጥራት 20 ነገር ከመቁጠር ይሻላል። ዛሬ ጎረቤት ያበደረችው እሳት፣ ዛሬ የወረደው ካፊያ፣ ዛሬ ያልተነሣው የልጁ ትኩሳት።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ማደንዘዣ ነው የሚለው ነው። ሰው በጎደለው እንዳይጠይቅ ባለው አመስግን ይባላል፤ ሹሙም፣ አሠሪውም፣ አንዳንዴም የቤተ ክርስቲያን መሪው በዚህ ይጠቀማል። ይህ ክስ እውነት እንዳለው መካድ አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት በመዘግየቱ ትምህርት እስከ መስተጓጎል ደርሶ ነበር፤ ይህም የሆነው ሶዶ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በሆነችበት ማግስት ነው። ልጆቹን የሚያበላው ያጣ መምህር እሑድ ጉባኤ ውስጥ ምን ብሎ ያመስግን? እዚህ ላይ ጳውሎስ በሮሜ 4 ጣል ያደረገው አንድ ሐሳብ ይረዳል፤ ለሚሠራ ሰው ደመወዙ እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ጸጋ አይቈጠርለትም። ሐዋርያው ስለ ጽድቅ ሊያስረዳ ነው ይህን ያነሣው፤ የተመሠረተበት እውነት ግን ለእኛም ጉዳይ ይሠራል። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የተከለከለው የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ ይጮኻል ይላል። ስለዚህ መምህሩ ስለ ጤናው፣ ስላበደረው ባለሱቅ፣ ስለ ልጆቹ እግዚአብሔርን ሊያመሰግን ይችላል፤ ስላልተከፈለው ደመወዝ ግን አያመሰግንም፤ ይጠይቃል። ዘግይቶ ሲከፈለውም ከፋዩን እንደ በጎ አድራጊ የሚያመሰግንበት ምክንያት የለም፤ ዕዳው ተከፈለ እንጂ ስጦታ አልተሰጠውም። ስጦታንና ዕዳን አጥርቶ የሚለይ ሰው ነው በእውነት የሚያመሰግነው፤ ሁሉን ስጦታ የሚል ሰው ግን ጥቂት ቆይቶ ለጌቶቹ የሚሰግድ ይሆናል። ማደንዘዣ የሚሆነው ይህን ልዩነት ያጠፋው ስብከት ነው፤ መድኃኒቱም ምስጋናን መተው ሳይሆን አድራሻውን ማስተካከል ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሐዘን የሚነሣ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በአቅራቢያው ባለው ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሊረዳ የሮጠው ሞተ፣ ቤቱ የቀረው ተረፈ። በዚያ ፊት «እኛን የጠበቀ አምላክ ይመስገን» ማለት የሚያሳፍር ነገር አለበት፤ የሞቱትን ማን አልጠበቃቸውም? በንጽጽር የሚቀርብ ምስጋና ሁሉ ይህ ችግር አለበት። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊም ያመሰገነው እንደ ሌላው ባለመሆኑ ነበር፤ ጌታም ያንን ምስጋና አልተቀበለውም። የተረፈው ሰው በሕይወቱ ማመስገን ይችላል፤ ከሞተው ጋር ራሱን እያመዛዘነ ግን አይደለም። ከመዝሙራቱ ሲሦ የሚሆነው እሮሮ ነው፤ «እስከ መቼ?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ተደጋግሞ ይሰማል፤ እሮሮው የተጻፈውም ምስጋናው በተጻፈበት በአንድ ጥቅልል ላይ ነው። ዕንባቆም በመጨረሻው ምዕራፉ በለሱ ሳያፈራ፣ በረቱም ባዶ ሆኖ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ቢናገርም፣ ከዚያ በፊት ከአምላኩ ጋር ሲከራከር ነው የቆየው። እኛ የመጨረሻውን ለስብከት ወስደን ክርክሩን እንተወዋለን። ለቅሶ ቤት ገብቶ «አመስግኑ» የሚል ሰው ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ለቅሶ የሚቀመጥባት አገራችን እዚህ ላይ ከብዙ ሰባኪ ትበልጣለች።

ምስጋናን መነገጃ የሚያደርገው ትምህርት ላይ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም። «አመስግን፣ ይጨመርልሃል፤ የምስጋና መሥዋዕት አምጣ፣ በሩ ይከፈታል» የሚለው ስብከት ምስጋናን ወደ ብድር ይለውጠዋል። በሉቃስ 17 ከ10 ለምጻሞች አንዱ ብቻ ተመለሰ፤ ያልተመለሱት 9ኙ ግን ለምጻቸው አልተመለሰባቸውም። ፈውሱ ቀድሞ ተሰጥቷል፤ ምስጋናው ዋጋው አልነበረም። ይህ አንድ ታሪክ ያን ሁሉ ስብከት ያፈርሰዋል።

ስለዚህ የምስጋና እውነተኛ መፈተኛ የት ነው ቢባል በማዕድ ነው ማለት ይቻላል። ወላይታ ይህን ከባህሉም ያውቀዋል። ለጊፋታ፣ በመስከረም ለሚከበረው ዘመን መለወጫ፣ ወንዶች ለበሬው ሴቶችም ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ይቆጥባሉ፤ ከበዓሉ በፊት የተጣላ ይታረቃል። ከባህላዊው እምነት ጋር የተያያዙትን ክፍሎች በተመለከተ በአማኞች መካከል ክርክር ነበር፤ አሁንም አለ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ይሁንና ደስታ አስቀድሞ በጥቂት በጥቂቱ የሚዘጋጅ መሆኑን፣ ብቻውን የሚበላ ሰው በዓል እንደሌለው፣ ከተጣሉት ጋር ሳይታረቁ ማክበር እንደማይቻል የሚያስተምር ሥርዓት ለዘዳግም 26 ቅርብ ዘመድ ነው። ብዙዎቹ አጥቢያዎችም በመኸር ከበቆሎው፣ ከጤፉ፣ ከቦሎቄው አምጥተው ለእግዚአብሔር ያቀርባሉ። የሚቀርበው ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ ግን እምብዛም አይነገርም። ወደ ሕንጻ ግንባታና ወደ ድምፅ ማጉያ ብቻ ከሄደ መጻተኛውና ሌዋዊው ከማዕዱ ተገፍተዋል ማለት ነው። የወላይታ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ክንፍ ተረፔዛ የተባለው በጠረጴዛ፣ ማለትም በማዕድ ስም ነው፤ ስሙ ራሱ ጥሩ ማሳሰቢያ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለአጥቢያ መሪዎች የማቀርበው ልመና አጭር ነው። በምስክርነት ሰዓት የሆነለት ብቻ ሳይሆን እየጠበቀ ያለውም እንዲናገር ቦታ ይሰጠው፤ እርሱም ስለ ዛሬ እንጀራው ያመሰግናል፣ ስላልተመለሰለት ነገር ይጮኻል፤ ጉባኤውም ሁለቱንም አሜን ይበል። የመኸር ምስጋና በሚቀርብበት ቀን ደግሞ ያለፈው ዓመት መባ ለየትኞቹ ቤቶች እንደደረሰ በቁጥር ይነበብ። በሐምሌ የራበው ቤት በጥቅምት ከመድረኩ የሚሰማው ይህ ቁጥር ነው።